ባንኮክ ለሙስሊም ተጓዥ፦ ምን ይዞ፣ የት ሰግዶ፣ ምን በልቶ፣ ከምን ተጠንቅቆ?



ላንቴ ከአርባ ምንጭ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በሙዟ የምትታወቅ የጋሞ ዞን ቆላማ ስፍራ ናት። ከዚህ ተነስቶ ስለ ታይላንድ ዋና ከተማ መጻፍ ለአንዳንድ አንባብያን ግር ሊል ይችላል። ምክንያታችንን እንናገር። ከጥቂት ጊዜ በፊት ቀድሞ ያስተማርነው አንድ ወጣት ወደ እኛ መጣና «ቲቸር፣ ባንኮክ የሙስሊም ምግብ ይገኛል?» ሲል ጠየቀን። ከተማዋን ጎብኝተን ስለነበር ደስ ብሎን መለስንለት። ቀጥለን ለምን እንደሚሄድ ስንጠይቀው «ለጉብኝት ነው የሚባለው» አለን። ትኬቱን ማን ቆረጠልህ? «ሥራ የሚያስገቡኝ ሰዎች።»

ስለ ምግቡ የጠየቀው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱም አለ። «የሚባለው» ያላት ቃል ግን አስደነገጠችን። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ሁለት ነገር አስበናል። አንደኛው፣ ባንኮክን በእርግጥ ሊጎበኝ ለሚሄድ ሙስሊም የሚጠቅም መረጃ ማስጨበጥ ነው። ሁለተኛው፣ «ጉብኝት» በሚል ስም ወደ ሌላ ቦታ የሚወሰደውን ወንድምና እህት ማንቃት ነው። እውነተኛ ጉብኝት ምን እንደሚመስል ያወቀ ሰው ሐሰተኛውን በቀላሉ ይለየዋል።

ከተማዋ በአጭሩ

የአገሩ ሰዎች ከተማቸውን ባንኮክ ብለው አይጠሯትም። «ክሩንግ ቴፕ» ይሏታል፤ «የመላእክት ከተማ» እንደ ማለት ነው። የቀድሞዋ ዋና ከተማ አዩታያ እ.ኤ.አ. በ1767 በበርማ ጦር ከወደመች በኋላ፣ ንጉሥ ራማ ቀዳማዊ በ1782 የአሁኗን ከተማ በቻኦ ፕራያ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳር ቆረቆሩ። ዛሬ በከተማዋና በዙሪያዋ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖራል። አብዛኛው ሕዝብ የቡድሃ እምነት ተከታይ ነው። ሙስሊሞች በአገር አቀፍ ደረጃ 5 በመቶ ገደማ ናቸው፤ ብዙዎቹ የሚኖሩት በደቡቡ ክፍል ቢሆንም በባንኮክ ከመቶ በላይ መስጂዶች አሉ።

ሰዓቷ ከእኛ በ4 ሰዓት ይቀድማል። ለኢትዮጵያዊ የሚያስገርመው ግን አቆጣጠሩ ነው። በታይላንድ የቆየ ልማድ የምሽቱ ሰዓት እንደ እኛው ይቆጠራል፤ ፈረንጁ ከምሽቱ 7 የሚለውን እነርሱም እንደ እኛ 1 ይሉታል፣ 8 የሚለውን 2፣ እያለ እስከ 5 ይሄዳል። የዘመን አቆጣጠራቸውም የራሳቸው ነው። እ.ኤ.አ. 2025 በእነርሱ ዘንድ 2568 ነው። ስለዚህ በወተት ወይም በመድኃኒት ማሸጊያ ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር ብታዩ አትደናገጡ፤ ከቁጥሩ 543 ስትቀንሱ የፈረንጁን ዓመት ታገኛላችሁ።

አየሩ ሞቃትና እርጥበት ያለው ነው። ላንቴና አርባ ምንጭ ላደገ ሰው ሙቀቱ አዲስ አይሆንበትም፤ ወበቁ ግን ይከብዳል። ለጉብኝት የሚመረጠው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ይበረታል፤ ከዚያ እስከ ጥቅምት ዝናብ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ በቀጥታ ወደ ባንኮክ ይበራል፤ በረራው 9 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከአርባ ምንጭ የሚነሳ ተጓዥ በአውሮፕላንም በመኪናም አዲስ አበባ መድረስ ስለሚችል፣ ከዓለም አቀፉ በረራ በፊት ቢያንስ አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ቢያድር ይመረጣል። መንገድ ሊዘገይ ይችላልና።

ታይላንድ ለኢትዮጵያውያን ፓስፖርት ያዢዎች በአውሮፕላን ማረፊያ የ15 ቀን የጉብኝት ቪዛ ስትሰጥ ቆይታለች። ክፍያው 2,000 ባት ነው። ተጓዡ በ15 ቀን ውስጥ የሚመለስበትን ትኬት፣ የሚያርፍበትን አድራሻና ለአንድ ሰው ቢያንስ 10,000 ባት የሚያህል ገንዘብ እንዲያሳይ ይጠየቃል። የቪዛ ደንብ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ከአየር መንገዱና ከታይላንድ ኤምባሲ አረጋግጡ። ፓስፖርታችሁም ቢያንስ የ6 ወር ዕድሜ የቀረው ይሁን።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድን ነው። ከኢትዮጵያ የሚሄድ መንገደኛ ይህን ካርድ እንዲያሳይ ይጠየቃል። ክትባቱ መወሰድ ያለበት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ ነው። ከዚህ ሌላ ከሜይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ማንኛውም የውጭ አገር መንገደኛ ከመድረሱ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ የመግቢያ ካርዱን በኢንተርኔት መሙላት አለበት። ካርዱ ነጻ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካጋጠማችሁ የመንግሥት አይደለምና ተዉት።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ባንኮቻችን ለተጓዥ የውጭ ምንዛሪ ሲሸጡ ፓስፖርትና ትኬት ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ወረቀታችሁን አሟልታችሁ አስቀድማችሁ ሂዱ። ዶላሩ ያልተጨማደደ፣ ያልተጻፈበትና ባለ 100 ቢሆን በባንኮክ የምንዛሪ ቤቶች የተሻለ ዋጋ ያወጣል። በኤርፖርት ለመጀመሪያው ቀን የሚበቃውን ብቻ መንዝሩ፤ ቀሪውን ከተማ ውስጥ።

ጫትን በሻንጣ መያዝ ከቶ አይታሰብ። በብዙ አገሮች የሚታየው እንደ አደንዛዥ ዕፅ ነው። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራም በታይላንድ ሕገ ወጥ ነው። በሌላ ሰው ስም የታሸገ ዕቃ «እባክህ አድርስልኝ» ቢባል እንኳ አትቀበሉ፤ ዘመድም ቢሆን።

ከኤርፖርት እስከ ማረፊያ

ትልቁ የአውሮፕላን ማረፊያ ሱቫርናቡሚ ይባላል፤ የተከፈተው በ2006 ነው። ከከተማው መሀል ወደ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በውስጡ የሙስሊሞች መስገጃ ክፍል አለ። ከምድር ቤቱ የሚነሳው ባቡር ፋያ ታይ እስከሚባለው ጣቢያ በግማሽ ሰዓት ገደማ ያደርሳል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ታክሲ የሚፈልግ ከመውጫው ካለው መደበኛ ወረፋ ቁጥር ይውሰድ፤ ቆጣሪው መብራቱንም ያረጋግጥ። በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ፣ መጨናነቅ ካልገጠመ በቀር ከተማ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ይህን ቁጥር ያዙት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ከተማው ውስጥ ከአናት በላይ የሚሄደው ባቡር (ከ1999 ጀምሮ) እና የምድር ውስጡ ባቡር (ከ2004 ጀምሮ) ከትራፊክ ጭንቅንቅ ያድናሉ። ቱክ ቱክ የሚሉት የእኛው ባጃጅ ዘመድ ነው፤ ዋጋውን ሳትስማሙ አትሳፈሩ። አንድ ነገር አደራ፦ በታይላንድ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነው። መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከቱ። የለመድነው ልማድ እዚያ አደጋ ላይ ይጥላል።

ሶላት

ላንቴ ላይ ስንሰግድ ፊታችንን ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል አድርገን ነው። ባንኮክ ላይ ግን ቂብላ ወደ ምዕራብ፣ ጥቂት ወደ ሰሜን ያለ ነው። በስልክ ያለ ኮምፓስ ይበቃል፤ ፀሐይ የምትጠልቅበትን የሚያውቅም ሰው አይጠፋበትም። የሶላት ወቅቶች ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይለዋወጡም። መግሪብ እንደ ወቅቱ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ እስከ 1 ሰዓት ገደማ ባለው ውስጥ ይገባል።

መንገደኛ በመሆናችሁ ባለ አራት ረከዓ ሶላቶችን የማሳጠር (ቀስር) ፈቃድ አላችሁ። እስከ ስንት ቀን የሚለው ሊቃውንት የተለያዩበት ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ፣ የገባበትና የሚወጣበት ቀን ሳይቆጠር 4 ቀን ሙሉ ለመቀመጥ የነየተ ሰው ከመጀመሪያው ጀምሮ ሞልቶ ይሰግዳል። በሐነፊይ መዝሀብ ወሰኑ 15 ቀን ነው። በምትከተሉት መዝሀብ ዙሪያ ከመነሳታችሁ በፊት ዑለማዎቻችሁን ጠይቁ። እህቶቻችንም ስለ መሕረም ጉዳይ እንዲሁ አስቀድመው ቢጠይቁ ጉዟቸው በእርጋታ ይሆናል።

ውዱእ ለማድረግና ለመታጠብ ብዙ አትቸገሩም። በታይላንድ መጸዳጃ ቤቶች የውሃ መርጫ ቱቦ የተለመደ ነው። ኤም ቢ ኬ፣ ሲያም ፓራጎንና ሴንትራል ወርልድን በመሳሰሉ ትልልቅ የገበያ ማዕከላትም የመስገጃ ክፍል አለ፤ የመረጃ ጠረጴዛውን ብትጠይቁ ያሳዩዋችኋል።

ለጁሙዓ ከመሀል ከተማ የሚቀርበው በፔቻቡሪ ጎዳና ሶይ 7 ያለው ዳሩል አማን መስጂድ ነው፤ ራቻቴዊ ከሚባለው የባቡር ጣቢያ በእግር ይደረሳል። «ሶይ» ማለት ከዋናው ጎዳና የሚገባ ቅያስ ማለት ነው። በመስጂዱ ዙሪያ ያሉት ምግብ ቤቶችና ጋሪዎች ሐላል በመሆናቸው ከሶላት በኋላ ምሳችሁን እዚያው ትበላላችሁ። በራምካምሄንግ አካባቢ ያለው የታይላንድ ኢስላማዊ ማዕከልም ሰፊ ነው።

ምግብ

የዚያ ወጣት ጥያቄ መልሱ ይኸው። በባንኮክ ሐላል ምግብ ሞልቷል፤ ግን ሳይጠይቁ አይበላም። የአሳማ ሥጋ በጣም የተለመደ ነው። ሥጋ የሌለበት የሚመስል ጥብስ እንኳ በአሳማ ስብ ሊጠበስ፣ ሾርባውም በአሳማ አጥንት ሊፈላ ይችላል። ሁለት ቃል ያዙ። «ሙ» ማለት አሳማ ነው፤ «ማይ ኪን ሙ» ደግሞ አሳማ አልበላም ማለት ነው። ይህ ግን የሥጋውን አስተራረድ ሐላል አያደርገውም። ዋስትናው ምልክቱ ነው። የታይላንድ ማዕከላዊ ኢስላማዊ ምክር ቤት የሚሰጠው የሐላል ማኅተም በታሸጉ ምግቦችም በምግብ ቤቶችም ላይ ይለጠፋል። በአነስተኛ ጋሪዎች ላይ ደግሞ ጨረቃና ኮከብ ያለበት ሰሌዳ ፈልጉ።

ከምግቦቹ መካከል ሩዝና ዶሮ አንድ ላይ በቅመም የሚበስልበት «ካኦ ሞክ ካይ» ለእኛ አፍ ቅርብ ነው። «ማሳማን» የሚባለው ወጥ ስሙ «ሙሰልማን» ከሚለው ቃል እንደመጣ ይነገራል። የበሬ ጭራ ሾርባና ሮቲም በሙስሊም ሠፈሮች አይጠፉም።

እንጀራ የናፈቀው ሱኩምቪት ጎዳና ሶይ 3 አካባቢ ይሂድ። ናና የሚባለው ይህ ሠፈር በአረብ ምግብ ቤቶች የተሞላ ነው፤ የሐበሻ ምግብ የሚሠሩም አይጠፉም። ለሕክምና የሚመጡ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚያርፉት በዚሁ ነው፤ በ1980 የተመሠረተው ቡምሩንግራድ ሆስፒታል እዚሁ ስላለ። ታማሚ ይዞ የሚሄድ ሰው የሕክምናውን ግምታዊ ዋጋ ከመነሳቱ በፊት በጽሑፍ ይቀበል፤ የመቆያ ጊዜውም ከቪዛው ጋር መጣጣሙን ያረጋግጥ። ማወቅ ያለባችሁ ግን ከዋናው ጎዳና ማዶ ያለው የናና ክፍል የመጠጥና የዝሙት ሰፈር መሆኑን ነው። ማረፊያ ስትይዙ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አይታችሁ ያዙ።

ለላንቴ ሰው ደግሞ የባንኮክ የፍራፍሬ ገበያ የተለየ ነገር ነው። ሙዝ መጀመሪያ ሰው ያላመደው በደቡብ ምሥራቅ እስያና በኒው ጊኒ አካባቢ ነው። የጋሞ ደጋ እንሰት የእኛው አገር ተክል ሲሆን፣ የቆላው ሙዝ ግን ከዚያ አቅጣጫ የመጣ የእንሰት ዘመድ ነው። በባንኮክ ገበያ ጣት የሚያክል ትንሽ ሙዝ፣ ወፍራምና አጭር ሙዝ፣ በከሰል ተጠብሶ የሚሸጥ ሙዝ አየን። በቅጠሉም ምግብ ይጠቀልሉበታል። እኛ ከጥሬው በቀር ብዙም የማንጠቀምበትን ምርት እነርሱ በስንት ዓይነት እንደሚሸጡት አይቶ መመለስ ራሱ ትምህርት ነው።

የባንኮክ ሙስሊሞች

ብዙ ጎብኚ ወርቃማ ቤተ መቅደሶቿን አይቶ ይመለሳል። እኛን ይበልጥ የነካን የአናሳዎቹ ወንድሞቻችን ታሪክ ነው።

በ1600ዎቹ መጀመሪያ ከኢራን ቁም ከተማ የመጡ ሸይኽ አሕመድ የተባሉ ነጋዴ በአዩታያ ቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ሥልጣን አግኝተው የሙስሊሞች ጉዳይ ኃላፊ ሆነው ነበር። የሙስሊሞች መሪ የሚጠራበት «ቹላራቻሞንትሪ» የሚለው ማዕረግ እስከ ዛሬ አለ፤ ሸይኹል ኢስላም እንደ ማለት ነው።

ከወንዙ ማዶ ቶንቡሪ በሚባለው ክፍል ከአዩታያ ዘመን የሚቆጠረው ቶን ሶን መስጂድ የከተማዋ ጥንታዊ መስጂድ ነው ይባላል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ባንግ ሉዋንግ መስጂድ አለ። ነጭ ነው፤ ጉልላትም ሚናራም የለውም። የተሠራው በታይላንድ ባህላዊ የሕንጻ ስልት ስለሆነ ከሩቅ ያየው ሰው መስጂድ አይለውም። 30 ምሰሶዎች አሉት፤ 30ውን የቁርኣን ጁዝእ እንዲያመለክቱ ታስበው ነው ይባላል። በዚሁ አካባቢ የፖርቱጋል ዝርያ ያላቸው ካቶሊኮች ቤተ ክርስቲያን፣ የቻይናዎች መቅደስና የቡድሃ ቤተ መቅደስ በእግር መንገድ ርቀት ጎን ለጎን ቆመዋል።

በመሀል ከተማ፣ በሳን ሳብ ቦይ ዳር ባን ክሩዋ የሚባል ጠባብ መንደር አለ። ነዋሪዎቹ ከካምቦዲያ የመጡ የቻም ሙስሊሞች ልጆች ናቸው። አያቶቻቸው በራማ ቀዳማዊ ዘመን በጦርነት ስለተሰለፉ መሬቱ ተሰጣቸው። የሚኖሩት ሐር እየሸመኑ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጂም ቶምሰን የተባለው አሜሪካዊ የታይላንድን ሐር ለዓለም ገበያ ያቀረበው በእነዚህ ሙስሊም ሸማኔዎች እጅ ነው። ዛሬ ቱሪስት ሁሉ ቲኬት ቆርጦ የሚያየው የእርሱ ቤት ከቦዩ ማዶ ነው፤ የሸማኔዎቹን መንደር ግን ጥቂቶች ብቻ ያያሉ። በ1990ዎቹ የፈጣን መኪና መንገድ መንደሩን ሊያፈርስ ሲል ነዋሪዎቹ ተባብረው በሰላማዊ መንገድ ተከራከሩ፤ መንደሩም ቆየ። ዶርዜን ለሚያውቅ የጋሞ ሰው የሸማኔ መንደር እንግዳ አይደለም። ጥቂት ሆኖ፣ ሙያ ይዞ፣ ከጎረቤት ጋር ተከባብሮ ሃይማኖትን መጠበቅ እንደሚቻል እዚያ ቆመን አየን።

የ3 ቀን ዕቅድ

በመጀመሪያው ቀን በቻኦ ፕራያ ወንዝ የሕዝብ ጀልባ ተሳፈሩ። በጥቂት ባት ከተማዋን ከውሃ ላይ ታዩአታላችሁ፤ የ1782ቱ ታላቁ ቤተ መንግሥትም ከወንዙ ይታያል። ግቢው ውስጥ የአምልኮ ስፍራ አለ፤ ሙስሊም ወደ ሌሎች የአምልኮ ቦታ ስለመግባቱ ሊቃውንት የሚያስጠነቅቁበት ጉዳይ ስለሆነ እኛ ከውጭ አይተን አለፍን። በዚያ አካባቢ «ቤተ መንግሥቱ ዛሬ ዝግ ነው፤ ሌላ ቦታ ልውሰዳችሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የታወቀ ማጭበርበሪያ ነው። መጨረሻው የከበረ ድንጋይ ሱቅ ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ ቶንቡሪ ተሻግራችሁ ሁለቱን መስጂዶች ጎብኙ።

በሁለተኛው ቀን ማለዳ ወደ ሉምፒኒ ፓርክ ሂዱ። በሐይቁ ዳር ከሰው ቁመት የማይተናነስ እንሽላሊት ሲርመሰመስ ታያላችሁ። ጫሞ ላይ የአዞ ገበያን ያየ ሰው አይደነግጥም፤ ልጆች ግን ይወዱታል። ከዚያ ባን ክሩዋንና የሳን ሳብ ቦይን፣ ቀጥሎም የልብስ ጅምላ ገበያ የሆነውን ፕራቱናምን እዩ። የአገራችን ነጋዴዎች ልብስ የሚያነሱት ከዚህ ነው።

ሦስተኛው ቀን ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሆነ ቻቱቻክ ገበያ አለ፤ ከ15,000 በላይ መደብሮች እንዳሉበት ይነገራል። ሰው ሲበዛ ኪሳችሁን ጠብቁ።

ሕግና ወግ

ስለ ንጉሡና ቤተሰባቸው ክፉ ቃል መናገር በወንጀል ሕጋቸው አንቀጽ 112 ከ3 እስከ 15 ዓመት ያሳስራል፤ በቀልድም አይሞከር። የንጉሡ ምስል ያለበትን የገንዘብ ኖት አትርገጡ። በሕዝብ ቦታ ጧት 2 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ ብሔራዊ መዝሙር ሲሰማ ሰው ሁሉ ይቆማል፤ እናንተም ቁሙ። የሰው ራስ፣ የሕፃንም ቢሆን፣ አይነካም፤ እግርም ወደ ሰው አይዘረጋም። ሰላምታቸው መዳፍን ማጋጠም ነው፤ እናንተ በፈገግታና እጅን ደረት ላይ በማድረግ ብትመልሱ ማንም አይቀየምም። ሒጃብ ለብሶ መሄድ ችግር የለውም። ችግር ሲገጥም የቱሪስት ፖሊስ ስልክ 1155 ነው።

«ለጉብኝት ነው የሚባለው» ጉዞ

አሁን ወደ ዋናው አደራ እንምጣ። ባለፉት ዓመታት ብዙ ወጣቶች፣ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ በታይላንድ የኮምፒውተር ሥራ አለ ተብለው ባንኮክ ሲደርሱ ከኤርፖርት ተወስደው ወደ ምያንማር ድንበር ተሻግረዋል። በዚያ ማያዋዲ በምትባል ከተማ ዙሪያ በታጠሩ ግቢዎች ውስጥ በኢንተርኔት ሰው እንዲያጭበረብሩ ተገድደዋል፤ እምቢ ያሉት ተደብድበዋል። እ.ኤ.አ. ፌብሯሪ 12 ቀን 2025 (የካቲት 5 ቀን 2017) 260 ሰዎች ከዚያ ወጥተው በሞኢ ወንዝ ወደ ታይላንድ ሲሻገሩ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከዚያም በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ የብዙ አገር ሰዎች ወጥተዋል።

እነዚህ ልጆች ብዙዎቹ የገቡት በጉብኝት ቪዛ ነው። ስለዚህ ምልክቶቹን እንወቅ፦

1. የጉብኝት ቪዛ ሥራ አይፈቅድም። ሥራ አለ ብሎ የጉብኝት ቪዛ የሚያወጣ ሰው ከመጀመሪያው ዋሽቷል።
2. «ኢሚግሬሽን ላይ ቱሪስት ነኝ በል» ካሏችሁ እንድትዋሹ እያስለመዷችሁ ነው።
3. ትኬቱን የማታውቁት ሰው ከከፈለ፣ ወጪውን ከእናንተ የሚያስመልስበት መንገድ አዘጋጅቷል ማለት ነው።
4. ፓስፖርታችሁን «ለምዝገባ» ብሎ የሚወስድ ተቀባይ ተቀባይ አይደለም።
5. ቀደም ብለን ያልነውን ቁጥር አስታውሱ። ከኤርፖርት ወደ ባንኮክ አንድ ሰዓት ነው። የድንበር ከተማዋ ሜ ሶት ግን ከባንኮክ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መኪናው ሁለት ሰዓት አልፎ እየሄደ ከሆነ ወደ ከተማ አይደለም የሚወስዳችሁ፤ ሰው በበዛበት ማደያ ላይ ውረዱ፣ 1155 ደውሉ።

ሕጋችንም ግልጽ ነው። ለውጭ አገር ሥራ ሰው የሚልክ ኤጀንሲ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ሰውን አታልሎ ማሻገር ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ከባድ ወንጀል ነው። በሰፈር ውስጥ እንዲህ ያለ ደላላ ካለ ለፖሊስ መጠቆም የሰው ነፍስ ማትረፍ ነው።

ወላጆችንም አደራ እንላለን። ልጃችሁ «ባንኮክ ልሄድ ነው» ሲላችሁ ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። የመመለሻ ትኬትህ የት አለ? የምታርፍበት ቦታ ስሙ ማን ነው? ገንዘቡ የማን ነው? እውነተኛ ጎብኚ ሦስቱንም በአንድ ደቂቃ ይመልሳል።

ያ ወጣት ሦስቱንም መመለስ አልቻለም። አብረነው ወደ አባቱ ቤት ሄድንና ተነጋገርን። ለደላላው «ቀሪ» የሚከፈል ብር ሊገኝ፣ የሙዝ ማሳው ሊሸጥ ተስማምተው ነበር። አልሐምዱ ሊላህ፣ ማሳው አልተሸጠም። ልጁ ዛሬ ላንቴ ነው፤ የአባቱን ሙዝ አይሱዙ ላይ ይጭናል። አንድ ቀን በራሱ ገንዘብ፣ የመመለሻ ትኬት ይዞ ባንኮክን ያያት ዘንድ ዱዓችን ነው። ያኔ ዳሩል አማን ጁሙዓ ሰግዶ፣ ከጎኑ ካኦ ሞክ በልቶ፣ በቦዩ ጀልባ ሄዶ ይመለሳል። ጉብኝት ማለት እንዲህ ነው፤ የሄደ የሚመለስበት።

አላህ መንገዳችሁን ሰላም ያድርገው።